አንድ ነጥብ ስምንት ስድስት

ድስቱ ከምድጃ ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። እናቴ ዱካዋን አስጠግታ፣ ጋቢዋን ከአናቷ በላይ ስባ፣ እንፋሎቱ ላይ አቀርቅራለች። "በሩን ዝጊው እንጂ! ብርድ ልታስመቺኝ ነው?" ትለኛለች ከጋቢው ውስጥ፤ ድምፅዋ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ጠዋት የሰጠኋትን ፓራሲታሞል "እሺ፣ እውጠዋለሁ" ብላ ትራሷ ሥር ሸጉጣዋለች። በፈላ ውኃ ተቃጥለው የመጡ ልጆች ስላከምኩ ይህን ድስት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ባር ባር ይለዋል። ቢሆንም ሰባ ዓመት ሙሉ ጉንፋኗን በባሕር ዛፍ ቅጠል ታጥና ያሳለፈች ሴት ዛሬ የእኔን ክኒን አምና ትተኛለች ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

ቅጠሉን ያመጣሁት ከሾላ ገበያ ነው። በ50 ብር ገዛሁት ስላት ሳሏን ረስታ ሳቀች። "ለቅጠል?" አለች።

ሽታው ክፍሉን ሞላው። አፍንጫ ይሰነጥቃል፣ ዓይን ያስለቅሳል። እኔን ግን አንድም ቀን ጉንፋን አስታውሶኝ አያውቅም። የሚወስደኝ ወደ 1996 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ወደዚያ እርጥብ ዳገት፣ ወደ እናቴ ጀርባ፣ ኪሴ ውስጥ አራት ቦታ ታጥፎ ወደነበረው ወረቀት።

ያኔ የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን በላይ፣ ታክሲ ከሚቆምበት ብዙ ርቆ ነበር። እናቴ እንጨት ተሸካሚ ነበረች። ጎህ ሳይቀድ ከሠፈሩ ሴቶች ጋር ወደ እንጦጦ ትወጣለች፤ ጭራሮውን ለቅማ፣ ቅጠሉን ጠርጋ፣ ከራሷ ቁመት የሚረዝም እስር ታስራ ትወርዳለች። ሸክሙ ወገቧን ስለሚያጎብጣት የምታየው እግሯ ሥር ያለውን መሬት ብቻ ነው። ከኋላ ላያት ሰው እግር ያወጣ ዛፍ ቁልቁል ይሄዳል። እንጨቱ ለጠላ ጠማቂ፣ ቅጠሉ ለእንጀራ ጋጋሪ ነበር። የጫካ ዘበኛ ከያዛት እንጨቱን ብቻ አይደለም የሚወስድባት፤ ገመዷንም ይነጥቃታል። የገመዱ ነበር የሚያስለቅሳት። እንጨት ነገም ይለቀማል፣ ገመድ ግን በገንዘብ ነው።

ዛፉን በምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ያመጡት ጊዜ ስሙንም ከመጣበት መንገድ አወጡለት። እንጦጦ ተመንጥሮ አልቆ፣ ከተማዋ ማገዶ አጥታ፣ ንጉሡ ወደ አዲስ ዓለም ሊነሡ ሲያስቡ አዲስ አበባን በቦታዋ ያቆማት ይህ ዛፍ እንደሆነ ትምህርት ቤት ተምረናል። በማን ጀርባ ከተራራው እንደወረደ ግን የተማርነው ነገር የለም።

የአሥረኛ ክፍል ውጤት መጣ የተባለ ዕለት ዝናቡ ካፊያ ነበር። የሠፈሩ ትልልቅ ሰዎች ፈተናው ከተቀየረ በኋላም "ማትሪክ" ነበር የሚሉት፤ ለእነሱ የሚቆርጥ ነገር ሁሉ ማትሪክ ነው። ወረቀቱን ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተቀብዬ ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ባዮሎጂ ቢ። አራት ሲ። ሒሳብና ፊዚክስ ዲ። ከተቆጠሩልኝ ሰባት ትምህርቶች የተገኘው 13 ነጥብ ነው፤ 13 ለሰባት ሲካፈል 1.86። መሰናዶ የለም፣ ዩኒቨርሲቲ የለም፣ ከስምንተኛ ክፍል ጀምሬ ለሰው ሁሉ የማወራው ሐኪምነት የለም። ሰበብ አላጣም፤ ቅዳሜና እሑድ ከእናቴ ጋር እወጣ ነበር፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ አልነበረንም። ግን እውነቱን ለመናገር በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ከዴስክ ሥር ልቦለድ የማነበው መብራት ጠፍቶብኝ አልነበረም።

ቤት መግባት አቅቶኝ ወደ ዳገቱ ወጣሁ። እናቴ ከሁለት ሴቶች ጋር ስትወርድ አገኘኋት። እንጨት የተሸከመ ሰው ቀና አይልም፤ ሸክም ማሳረፊያው ድንጋይ ጋ እስኪደርስም አይቆምም። ጫማዬን አይታ ነው ያወቀችኝ።

"መጣ ወይ?" አለችኝ ወደ መሬት እያየች።

"መጣ።"

"ስንት አመጣሽ?"

"አንድ ነጥብ…" ስል ድምፄ ተቆረጠ።

"አንድ? አንደኛ?" አለችና ቆመች። እንደዚያ ተሸክማ ስትቆም አይቻት አላውቅም። "አንደኛ ወጣሁ ነው የምትዪኝ?"

አልመለስኩም። በሕይወቴ ከዋሸሁት ሁሉ ትልቁ ያ ዝምታ ነው። ገመዱ ደረቷን አስጨንቆት እልልታዋ ግማሹ ብቻ ወጣ፤ ቀሪውን ከኋላዋ የነበሩት ሴቶች ጨረሱላት። ሦስት የቅጠል ክምሮች ዳገቱ ላይ እልል ሲሉ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የዚያን ቀን የእንጨት ገንዘብ ቡና፣ ፈንዲሻና ግማሽ ኪሎ ስኳር ሆነ። ጎረቤት ተጠራ። ከመጡት አንዱ ድሬሰሩ ጋሼ ነበሩ።

ሠፈራችን "ዶክተር" ነበር የሚላቸው። በጃንሆይ ዘመን ከስምንተኛ ክፍል ተወስደው ሠልጥነው፣ በየጠረፉ ጤና ጣቢያ ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ ከአንድ የብረት ሣጥን ጋር ወደ ፈረንሳይ የተመለሱ ሰው ናቸው። ሣጥኑ ውስጥ የመስታወት ሲሪንጅ፣ መርፌዎች፣ መቀስና ጉጠት አለ። ቡታጋዙ ላይ ሲቀቀል ክዳኑ ይንቀጠቀጣል፤ የነጭ ጋዙና የአልኮሉ ሽታ ተደባልቆ ደጅ ድረስ ይወጣል። ያን ሽታ ስንሰማ እኛ ልጆች አልጋ ሥር እንገባለን። ሁለተኛውን ስኒ ሲጠጡ "ወረቀቱን እስቲ አሳዪኝ" አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። እንደነበረው አጥፈው መለሱልኝ። ወደ እናቴ ዞረው "ቡናው ጥሩ ተወቅጧል" አሉ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ፣ ለእኔ ብቻ፦ "ነገ ጠዋት ነይ።"

ለእናቴ የነገርኳት ማታ፣ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ነው። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። "ከስንት ነው አንዱ?" አለችኝ ከብዙ ዝምታ በኋላ። ከአራት ነው አልኳት። በጨለማው ውስጥ ጣቷን ስትቆጥር ይሰማኛል። "እንጀራ ለአራት ተቆርሶ አንዱ ቢደርስሽ አትበዪም?" አለችኝና ወደ ግድግዳው ዞረች።

በማግስቱ ጋሼ ቤት ስገባ አንዲት እንጨት ተሸካሚ ደጃፉ ላይ እግሯን ዘርግታለች። መጥረቢያ ስቶ ቅልጥሟን ከፍቶታል። በቁስሉ ላይ ቡና ነስንሳበታለች፤ ደሙና ቡናው ተጋግረው ጠቁረዋል። ጋሼ ደህና አደርሽም ሳይሉኝ "እጅሽን ታጠቢ" አሉኝ። ታጠብኩ። "እንደገና። እስከ ክርንሽ።" ታጠብኩ። ከዚያ ባቷን ይዤ እንድቆይ አደረጉ። ፈልቶ የቀዘቀዘ የጨው ውኃ በቀስታ እያፈሰሱ ቡናውን አራሱት፤ በጉጠት አንድ በአንድ ለቀሙት። ሥጋው ከሥሩ ንጹሕ ቀይ ሆኖ ሲወጣ ሆዴ ይገለበጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተገለበጠም። አጎንብሼ አየሁ። ጂቪውን ቀቡና በፋሻ ሲያስሩ ፋሻው የት እንደሚጠብቅ፣ የት እንደሚላላ እጄን ይዘው አሳዩኝ። ሴትየዋ ስትሄድ "ዓይንሽን አልጨፈንሽም" አሉኝ። ስለ ካርዱ ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ፣ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ክረምቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነበርኩ። በቅዱሳን ቁጥር አልጽፋቸውም። ያን የመስታወት ሲሪንጅ ለአምስት ደቂቃ ቀቅለው ለሠፈሩ ሁሉ ሲወጉበት እያየሁ ምንም አልመሰለኝም ነበር፤ በኋላ ስለ ሄፓታይተስ ስማር ሌሊት አስባንኖኛል። ከአንድ ሣጥን ስንት ሰው ዳነ፣ ስንት ሰው ታመመ፣ የሚያውቅ የለም። ለእናቴ ግን "ነርስ ትሁን፤ ግዴለሽም፣ ትችላለች" ያሏት እሳቸው ናቸው።

ለመንግሥት ኮሌጅ ነጥቤ አልደረሰም። የገባሁት አንድ የግል ኮሌጅ ነው፤ ከሥሩ የመኪና ዕቃ መለዋወጫ የሚሸጥበት ፎቅ ሦስተኛው ደርብ ላይ። አሥር ሲደመር ሦስት፣ ክሊኒካል ነርስ። ለልምምድ የነበረችን አንዲት የፕላስቲክ አሻንጉሊት ናት፤ ቀኝ እጇ የለም። ስለዚህ ደም ሥር መፈለግ የተማርነው እርስ በርሳችን ስንወጋ ነው፤ ክንዴ ለሁለት ወር በልዞ ከርሟል። ክፍያው በየወሩ ነበር፤ እናቴ በሳምንት አምስት ቀን ትወጣ የነበረው ስድስት ሆነ፣ ከዚያ ሰባት። የክፍያ ቀን ሲደርስ ገንዘቡን በጨርቅ ቋጥራ ስትሰጠኝ ብሮቹ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታሉ። ካሸሯ አንድ ቀን አሽትታ "ሽቶ ነው?" ብላኛለች።

አንድ አስተማሪያችን የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ታሪክ የነገረን እዚያ ነው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ምጥ ጠንቶባቸው ለቀናት ተሠቃይተው፣ ልጃቸውን አጥተው፣ በፌስቱላ ተጎድተው፣ በፈረንጆቹ 1962 ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ደረሱ። ያከሟቸው ሬጅናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች ናቸው። ካገገሙ በኋላ አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ ከዚያ ቀዶ ጥገና ክፍል ገብተው ማገዝ፤ ከዚያ ራሳቸው ፌስቱላ መጠገን። ማንበብና መጻፍ የተማሩት ቆይተው ነው። በፈረንጆቹ 1989 የእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ከሃምሊኖች ጋር የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣቸው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ሁላችንም የወደቀ ወረቀት ኪሳችን ውስጥ ስለነበር ታሪኩን የራሳችን አደረግነው። ያኔ ያላስተዋልነው፣ እሳቸው አጠገብ ሁለት ሐኪሞች ለዓመታት፣ በየቀኑ፣ እጃቸውን ይዘው መቆማቸውን ነው። እኛ አጠገብ የቆመችው እጅ የሌላት አሻንጉሊት ናት።

ይህን የተረዳሁት ተመርቄ ሰሜን ሸዋ አንድ ጤና ጣቢያ ስመደብ ነው። ሌሊት አንድ ጨቅላ መጣ፤ ሦስት ኪሎ፣ ትኩሳት፣ ጡት እምቢ ብሏል። ጄንታማይሲን በኪሎ አምስት ሚሊግራም፤ 15 ሚሊግራም ማለት ነው። አምፑሉ 80 ሚሊግራም በሁለት ሚሊ ሊትር። አሰላሁ፣ ጻፍኩ፣ መቅዳት ጀመርኩ። አንዱ አምፑል አልበቃ አለኝና ሁለተኛውን ልሰብር ስል በዕድሜ የበለጠችኝ ተረኛ ነርስ እጄን ያዘችኝ።

"ለጨቅላ ሁለት አምፑል?"

ወረቀቴን አየን። ዜሮ ነጥብ ሦስት ስምንት መሆን የነበረበት ሦስት ነጥብ ስምንት ተብሎ ተጽፏል። ሲሪንጁን ደፋችው፣ በትንሿ ሲሪንጅ አዲስ ቀዳች፣ ወጋችው። ከዚያ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና እስኪነጋ ድረስ ሒሳብ አሠራችኝ። ያቺ ዲ ካርዱ ላይ ብቻ አልነበረችም፤ እጄ ላይ ነበረች። ስለዚህ አንዳንድ ሰው "ነጥብ ምንም አይደለም" ሲል ስሰማ ያ ሕፃን ትዝ ይለኛልና አብሬ አላጨበጭብም። ነጥብ እንዴት ምንም አይደለም? አንዲት ነጥብ ቦታዋን ስታ ሰው ልትገድል ነበር።

አገሩም ቢሆን ሁልጊዜ የሚጠራው ወረቀቱ የሞላለትን ብቻ አልነበረም። የወባ ወረርሽኝ ደንቢያን ከፈጀ በኋላ በ1947 ጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያሠለጠነው ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ነው። እኔ ካርዴን በተቀበልኩበት ዘመን ደግሞ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች በጤና ኤክስቴንሽን አንድ ዓመት እየሠለጠኑ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው መመደብ ጀመሩ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ብዙዎቹ እንደ እኔ መሰናዶ ያልገቡ ናቸው። ሕፃናትን ያስከተቡት፣ እናቶችን ወደ ጤና ጣቢያ የላኩት እነሱ ሆነው ሳለ "ኤክስቴንሿ" የሚለው ቃል በእኛ በነርሶች አፍ እንኳ ንቀት ነበረው። የተናቀ ሰው የሚንቀውን አያጣም።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ማስረዘም አልፈልግም። የማታ ዲግሪ፤ በ2004 መንግሥት የከፈተው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር፤ ዲግሪ ያላቸው የጤና ባለሙያዎችና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቆች ተፈትነው በአራት ዓመት ተኩል ሐኪም የሚሆኑበት። ሁለት ጊዜ ተፈተንኩ፤ በ2006 ገባሁ፣ በ2010 ጨረስኩ። በቀጥታው የሚማሩት ልጆች "አቋራጮች" ይሉን ነበር። ከ1996 እስከ 2010 ስቆጥር 14 ዓመት ነው፤ ምን ዓይነት አቋራጭ እንደሆነ አላውቅም። ከክፍላችን ከፍተኛውን ነጥብ ያመጣችው ጓደኛዬ፣ እኔ የእጅ አጥንቶችን ስም ስሸመድድ፣ ስፔሻላይዝ ልታደርግ ነበር።

በኮቪድ ጊዜ የካ ኮተቤ ሆስፒታል ከተመደቡት አንዷ ነበርኩ። የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ከተነገረ በኋላ ሆስፒታሉ በሙሉ ለዚያ በሽታ ሆነ። ከአናት እስከ እግር ስንሸፈን ማን ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ስማችንን በማርከር ጀርባችን ላይ እንጽፍ ነበር። በሽተኛ ግን ጀርባ አያነብም። ሐኪሟንም፣ ነርሷንም፣ ጽዳቷንም "ሲስተር፣ ሲስተር" ነው የሚለው። ሁላችንም "አቤት" እንላለን።

ባለፈው እሑድ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። በ2013 ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ ዳገቱ አስፋልት ነው፤ ፈረስ ይከራያል፣ በገመድ ተንጠልጥለው የሚጮሁ ወጣቶች ከዛፎቹ በላይ ያልፋሉ። ገመድ ስል እናቴ ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅኩ። የሸክም ማሳረፊያውን ድንጋይ ፈልጌ አጣሁት። ከእናቴ ጋር እልል ካሉት ሴቶች አንዷ ዩኒፎርም ለብሳ አበባ ስታጠጣ አገኘኋት። ትከሻዋ እንደጎበጠ ነው። አንድ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጥፌ በጣቴ ጨፍልቄ አሸተትኩ፤ ጥበቃው "እኅቴ፣ መቅጠፍ ክልክል ነው" አለኝ።

ስወርድ የድሬሰሩ ቤት ገባሁ። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። ሚስታቸው ሣጥኑን አውጥተው ሲያሳዩኝ ክዳኑ ያው እንደ ድሮው ይጣበቃል። ውስጡ ክር፣ ቁልፍና የልብስ መርፌ ነው። "ለዚህ ይሆናል ብዬ" አሉኝ፣ እንደማፈር ብለው።

የጎረቤታችን ልጅም አለች። የ2014ቱን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ የሆነ ጊዜ እሷም ወደቀች። እናቷ "ዶክተሯ ትምከርሽ" ብላ ላከቻት። ስልኳን ዘርግታ ውጤቱን አሳየችኝ። "እትዬ፣ አንቺም ወድቀሽ ነበር አሉ" አለችኝ። ስለ 14 ዓመቱ ነገርኳት፤ ስለ ክፍያው፣ ስለ ጨቅላው፣ ስለ እናቴ ወገብ። የሚያስደስታትን ታሪክ ጠብቃ ነበር የመጣችው፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ሄደች። አሁን ወደ እንጦጦ መውጫው ላይ ካለ ካፌ ሒሳብ ትቀበላለች። ጋሼ እኔን ምን አሉኝ? "ነገ ጠዋት ነይ" ነበር ያሉኝ። እኔ ለእሷ አላልኳትም። ይህ ይቆጨኛል።

እናቴ ጋቢውን ገለጠች። ፊቷ በላብ ረጥቧል፣ ጉንጮቿ ቀልተዋል። አንዲት አዲስ ጎረቤት የዝንጅብል ሻይ ይዛ ገባች፤ ወደ ሠፈሩ የመጣችው አምና ስለሆነ አታውቀኝም።

"ልጅሽ ናት? ሐኪሟ?"

"አዎ" አለች እናቴ ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች። "በማትሪክ አንደኛ ወጥታ ነው።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው የምትናገረው ይህንኑ ነው። ማረሙን ትቼዋለሁ።